የኪፓ ጣሪያ

ኪፓ ከመምጣቷ በፊት፣ በሌይ ከተማ በአርክቴክቸር ተማሪዎች ዘንድ ከሄኒ ስም የሚቀድም ስም አልነበረም። ሄኒ የባሕር ልጅ ናት፤ ያደገችው ፖርት ሞርስቢ ዳር፣ ውሃ ላይ በምሰሶ በቆመ ቤት ውስጥ ነው። እጇ ለመስመር የተፈጠረ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ መምህር ጌዲሳ የሌላውን ሥራ ሁሉ አይተው ሲጨርሱ፣ «በሉ አሁን የሄኒን አምጡና ዓይናችን ይረፍ» ይሉ ነበር። ሄኒም አንገቷን ደፍታ ፈገግ ትላለች። ያቺን ቃል ለመስማት ብላ ስንት ቀን ምግብ አልበላ እንደሚላት ግን ለማንም ተናግራ አታውቅም።

በአራተኛው ዓመት መጀመሪያ ኪፓ መጣች። የሃገን ደጋ ልጅ ናት፤ እናቷ ታማባት ትምህርቷን አቋርጣ ሁለት ዓመት ስኳር ድንች ስትቆፍር ነው የቆየችው። በባዶ እግሯ ክፍል ትገባለች፤ ቡአይ የሚሉትን የሚያቀላ ፍሬ ስለምታኝክ ከንፈሯ ሁልጊዜ ቀይ ነው፤ እርሳስ ይጠፋባታል፤ ማስመሪያ የሚባል ነገር አታውቅም። የተሰጣት ጠረጴዛ ከሄኒ ጎን ነበር።

«እህቴ፣ እስቲ ላጲስሽን ወዲህ በይው!»

«የትናንቱስ የት ደረሰ?»

«እሱማ ጠፋ። የባሕር ዳር ላጲስ ከደገኛ ጋር መኖር አይሆንለትም መሰለኝ።»

ክፍሉ በሳቅ ይሞላል። ሄኒም ትስቃለች፣ ላጲሷንም ትሰጣለች። ያኔ ትወዳት ነበር። የማያሰጋን ሰው መውደድ ምን ይከብዳል?

የመጀመሪያው ሥራ «ለአንድ ሰው የሚሆን ክፍል» የሚል ነበር። ሄኒ ነጭ ወረቀት በምላጭ እየቆረጠች፣ እንደ እንቁላል ቅርፊት የሳሳ፣ እንከን የማይወጣለት ሞዴል ሠራች። ኪፓ ይዛ የመጣችው የጣሳ ዓሣ የታሸገበት አሮጌ ካርቶን ነው፤ ሙጫው እንኳ አልደረቀም። ተማሪው ሳቁን ሊደብቅ አፉን በእጁ ሸፈነ። መምህር ጌዲሳ ግን አጎንብሰው በካርቶኑ ቀዳዳ ዓይናቸውን አስጠጉ። ቆዩ።

«መግቢያውን ለምን እንዲህ አሳነስሽው?» አሉ ቀና ሳይሉ።

«እኛ ቤት ሲገባ ጎንበስ ይባላል፣ መምህር። ጎንበስ ብለው ገብተው ቀና ሲሉ፣ ጠባቡም ቤት ሰፊ ይሆናል። ብርሃኑን ከኋላ ያመጣሁት ደግሞ ሰውየው ብቻውን እንዳይመስለው ብዬ ነው።»

መምህሩ ተማሪውን ሁሉ በተራ እየጠሩ አሳዩ። የዚያን ቀን ስለ ዓይን ማሳረፍ ያነሳ አልነበረም።

ምሳ ሰዓት ላይ ክፍሉ ባዶ ሲሆን ሄኒ ብቻዋን ተመለሰች። ካርቶኑን አንስታ ዓይኗን ቀዳዳው ላይ አደረገች። እንከን ፈልጋ ነበር የመጣችው። ውስጡ ግን ጸጥ ያለ ነበር፤ ብርሃኑ ከኋላ መጥቶ ወለሉ ላይ ተኝቷል፤ ገብታ ብትቀመጥበት ደስ ባላት። ካርቶኑን ቦታው መልሳ ወጣች። ሥራው መጥፎ ቢሆንና መምህሩ ተሳስተው ቢሆን ኖሮ ይቀላት ነበር። ደረቷን እንደ ፍም ያቃጠላት፣ ጥሩ መሆኑን ከሁሉም በላይ እሷ ማወቋ ነው።

ሁለተኛው ሥራ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለውን ተዳፋት የሰው መዋያ ማድረግ ነበር። ሄኒ ደረጃና እርከን ደርድራ ሥዕሉን አሳመረችው። ኪፓ ደግሞ ሁለት ቀን ሙሉ ዝናብ ውስጥ የሙዝ ቅጠል ራሷ ላይ ደፍታ ተዳፋቱ ላይ ቆመች። አላፊ አግዳሚው «ደገኛዋ ምን ነካት?» እያለ ሳቀባት። እሷ ውሃው የት እንደሚሄድ፣ የት እንደሚያርፍ እያየች ነበር። መንገዷን ውሃው በማይደርስበት ሁሉ አዞረችው፤ መቀመጫዎቹን ደግሞ እንደ ስኳር ድንች መደብ ከአፈሩ አስነሳቻቸው። መምህር ጌዲሳ የኪፓን ሥራ አይተው ወደ ሄኒ ዞሩና፣ «የሄኒ ሥዕል እንደ ሁልጊዜው ያምራል» ብለው አለፉ።

«እንደ ሁልጊዜው» የምትለዋ ቃል እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ ቀረች።

ከዚያ ወዲህ ሄኒ ሰላም አጣች። መምህሩ እሷ ጠረጴዛ ላይ አራት ደቂቃ፣ ኪፓ ጠረጴዛ ላይ አሥራ ሰባት ደቂቃ እንደቆሙ በሰዓቷ ትለካለች። ኪፓ ስትናገር ሌላው እንዴት እንደሚያዳምጣት ታያለች። አንድ ጊዜ ኪፓን ወባ ጥሏት ሦስት ቀን ቀረች። በእነዚያ ሦስት ቀናት ሄኒ እርሳሷ ቀለላት፣ ሩዙም ጣፈጣት። በአራተኛው ቀን ኪፓ ፊቷ ገርጥቶ፣ «እህቴ፣ ሞቼ ላጲስሽን ይዤብሽ ልሄድ ነበር እኮ!» እያለች ስትገባ፣ ሄኒ እየሳቀች አቀፈቻት። ሳቁ ከየት እንደመጣላት ራሷም ገረማት።

ሦስተኛው ሥራ ከሁሉም ይለያል፤ በእውነት የሚሠራ ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የጀልባ ማረፊያ፣ ዓሣና ኮኮናት የሚሸጡ ሴቶች ጥላ የላቸውም። ትምህርት ቤቱ ከሴቶቹ ጋር ተስማማ፤ ሴቶቹ ከተማሪዎቹ ሞዴሎች አንዱን ሊመርጡ፣ ተማሪዎቹም የተመረጠውን በእጃቸው ሊሠሩ። ሄኒ ይህ የኔ ነው አለች። ውሃ ዳር ያደገው ማን ነው? ምሰሶ ላይ የተኛው ማን ነው? ከሰዓት በኋላ ሁልጊዜ ወደዚያ እየሄደች ከሴቶቹ ጋር ትቀመጥ ነበር። የሴቶቹ አለቃ እማማ አዋጋሲ አንድ ቀን በእጃቸው አሳይተው፣ «ያንን የታሊስ ዛፍ ታያለሽ? የሰኔ ነፋስ ሲነሳ ባሕሩ ሥሩ ድረስ ይመጣል። አሸዋውን ጠራርጎ ይበላዋል» አሏት። ሄኒም በደብተሯ ጻፈችው።

ሴቶቹ ሞዴሎቹን ሊያዩ የመጡ ዕለት፣ በሄኒ ሥራ አጠገብ ሲደርሱ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ያምራል» አሉ። ኪፓ ጋ ሲደርሱ ግን ድምፃቸው ከፍ አለ። ኪፓ በአገሯ ወንዝ ላይ የሚዘረጋውን የሐረግ ድልድይ ወስዳ ጣሪያ አድርጋዋለች። ከምሰሶ ምሰሶ በገመድ የተወጠረ፣ ዳርና ዳሩ መሬት ውስጥ በተቀበረ ግንድ የተያዘ ሰፊ ጣሪያ ነው። መሐሉ ላይ አንድም ምሰሶ የለም።

«ዘንቢላችን የሚሰናከልበት የለም ማለት ነው?» አሉ እማማ አዋጋሲ።

«የለም፣ እማማ። ብትፈልጉ ትጨፍሩበታላችሁ።»

«ጉልበቴ ቢፈቅድማ!» ብለው ሳቁ። ምርጫው አለቀ።

በማግስቱ ኪፓ የቦታውን ካርታ ጠቅልላ ወደ ሄኒ ጠረጴዛ መጣች። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትቀልድ ተናገረች።

«ሄኒ፣ እኔ ባሕር አላውቅም። ስፈራው ነው የምውለው። ግንዶቹን የት ልቅበራቸው? ውሃው እስከየት ይደርሳል?»

ደብተሩ ሄኒ እጅ ላይ ነበር። የታሊስ ዛፉ የተጻፈበት ገጽ ከሦስት ቅጠል በታች ነው። ሄኒ መስኮቱን አየች።

«ያቺ ባሕሩ ጠርዝ ላይ የወደቀች የኮኮናት ግንድ አለች አይደል? ከእሷ አያልፍም» አለች።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ውሃ ላይ ነው የተወለድኩት፣ ኪፓ።»

«ተባረኪ እህቴ» ብላ ኪፓ ግንባሯን ሳመቻት።

ሄኒ ያን ቀን ለራሷ ብዙ ነገር ነገረች። መምህሩ ያርሙታል አለች። ሴቶቹ ይነግሯታል አለች። ነገ እነግራታለሁ አለች። መምህር ጌዲሳ ግን «የውሃውን ከፍታ አጣርተሻል?» ብለው ሲጠይቁ ኪፓ «አጣርቻለሁ» አለች፤ እሳቸውም አመኗት። እማማ አዋጋሲ ደግሞ ልጃቸው ወልዳ አራስ ሊጠይቁ በጀልባ ወደ ሩቅ መንደር ሄደው ነበር። ጉድጓዱ ሲቆፈር ከሴቶቹ አንዷ ለሄኒ፣ «ለባሕሩ አልቀረበም እንዴ፣ ልጄ?» አለቻት። ሄኒ ላቧን ጠርጋ፣ «ተለክቷል» አለች። ሴትዮዋም «እናንተ የተማራችሁት ታውቃላችሁ» ብላ ዝም አለች።

ጣሪያው በግንቦት ቆመ። ከተማው ሊያየው መጣ። ሴቶቹ ዘፈኑ፤ ኪፓን በአበባ ጉንጉን አስጌጧት። እማማ አዋጋሲ ከጉዟቸው ሲመለሱ ወደ ባሕሩ አይተው ግንባራቸውን ቋጠሩ፤ ግን ከበሮው እየተመታ ነበርና የደስታ ቀን ማበላሸት አልወደዱም፤ ኋላም «ተለክቷል» ሲሏቸው ተዉት። ሄኒ ከጥግ ቆማ ታጨበጭብ ነበር። መዳፏ እስኪቀላ አጨበጨበች።

ሰኔ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ነፋሱ ተነሳ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ገበያው በሞቀበት ሰዓት፣ ባሕሩ የወደቀችውን የኮኮናት ግንድ አልፎ መጣ። አሸዋውን ከሥር በላው። በባሕሩ በኩል ያሉት ሁለት የተቀበሩ ግንዶች እንደ ተነቀለ ጥርስ ወጡ፤ ገመዱ ላላ፤ ምሰሶው ዘመመ፤ ጣሪያውም ቀስ ብሎ ወረደ። ሴቶቹ እየጮኹ ወጡ። የዓሣው ዘንቢል ሁሉ ባሕር ገባ። እማማ አዋጋሲ የጎረቤታቸውን ሕፃን አንስተው ሲሮጡ ምሰሶው ክንዳቸውን ሰበረው። ሕፃኑ አልተነካም።

በማግስቱ ተማሪው በሙሉ ተሰበሰበ። መምህር ጌዲሳ በአንድ ቀን ያረጁ ይመስላሉ።

«የውሃውን ከፍታ ማን ነው የነገረሽ?» አሉ።

ኪፓ ቆመች። ዓይኗ አንድ ጊዜ ወደ ሄኒ ሄዶ ተመለሰ።

«ማንም። ራሴ ገመትኩ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ሄኒ የተሰማት ምስጋና ቢሆን ምንኛ በወደደች። የተሰማት ግን ያው የለመደችው ነገር ነበር፤ በዚህም በለጠችኝ አለች በልቧ፤ በመልካምነትም በለጠችኝ። ይህን ማሰቧን ስታውቅ ነው ከራሷ የደነገጠችው።

ሁለት ቀን አልበላችም። በሦስተኛው ቀን ደብተሯን ይዛ ሆስፒታል ሄደች። እማማ አዋጋሲ ክንዳቸው በነጭ ታስሮ ተቀምጠዋል። ሄኒ ገጹን ከፍታ ሁሉንም ነገረቻቸው።

አሮጊቷ በደህናው እጃቸው ደብተሩን ከደኑት። «እኔ የነገርኩሽን ነው የደበቅሽው?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ሕፃኑ ቢሞት ኖሮ ምን ትይኝ ነበር?»

ሄኒ ማልቀስ ጀመረች።

«እኔ ጋ ማልቀስሽን ተይና ለልጅቷ ንገሪያት» አሏት።

ኪፓን ያገኘቻት ከፈረሰው ጣሪያ ሥር ገመድ ስትፈታ ነው። ሄኒ ቆማ ተናገረች፤ አላሳጠረችም፣ አላስረዘመችም። ኪፓ እጇ ገመዱ ላይ ቀረ።

«ተሳስተሽ አልነበረም?»

«አልነበረም።»

«እያወቅሽ?»

«እያወቅሁ። ቀንቼብሽ ነው።»

«እኔ እኮ የተሳሳትሽ መስሎኝ ነው ስምሽን ያልጠራሁት!» ኪፓ ድምፅዋ ተሰበረ። «ሰው ይሳሳታል፣ ባሕርም ያታልላል፣ እህቴን በሰው ፊት አላሳፍራትም ብዬ ነው። አውቄ ቢሆን ኖሮ ጮኼ ነበር የምጠራሽ! ደግ መስዬሽ ነበር? ሞኝ ነበርኩ እንጂ!»

ሄኒ ልትናገር አፏን ከፈተች።

«ሂጂ» አለች ኪፓ። «አሁን ከፊቴ ሂጂ።»

ሄኒ ከዚያው በቀጥታ መምህር ጌዲሳ ዘንድ ሄዳ ደገመችው። ትምህርት ቤቱ ዓመቱን እንድትደግም ወሰነባት። ሌይ የምትኖረው አክስቷም ዘመዶቹን ሰብስባ፣ እንደ ወጉ አሳማ፣ ሩዝና የሙዝ ዘለላ አስይዛ የእማማ አዋጋሲ መንደር ለካሳ ሄደች። መንደርተኛው ካሳውን ተቀበለ። አንዲት ሴት ግን ሄኒ ስታልፍ መሬቱ ላይ በቡአይ የቀላ ምራቋን ተፋች።

ጣሪያው በነሐሴ እንደገና ተጀመረ፤ ከታሊስ ዛፉ ጀርባ፣ ጠንካራ አፈር ላይ። ሄኒን ማንም አልጠራትም፤ አካፋ ይዛ መጣች። የመጀመሪያው ቀን ማንም አላናገራትም። ኪፓም አላናገረቻትም። ሄኒ ግን ስለ ምሰሶ ታውቃለች፤ እግሩ እንዳይበሰብስ እንዴት በእሳት እንደሚለበለብ፣ በምን ያህል ጥልቀት እንደሚቀበር፣ ዙሪያው በምን ድንጋይ እንደሚጠቀጠቅ ከአባቷ አይታለች። በአራተኛው ቀን ኪፓ ጉድጓዱን አይታ፣ «ይህ ይበቃዋል?» አለች፣ ፊቷን ሳታዞር።

«አንድ ክንድ ይጨመርበት።»

ኪፓ እማማ አዋጋሲን ጠርታ ያንኑ ጠየቀቻቸው። አሮጊቷ ጎንበስ ብለው አዩና፣ «ልክ ናት፣ ይጨመር» አሉ። ያኔ ተጨመረ። ሄኒ አልከፋትም፤ ከእንግዲህ ቃሏ ብቻውን እንደማይበቃ ገብቷታል።

ጣሪያው የተወጠረበት ቀን የገመዱ ጫፍ የደረሰው ለሄኒ ነበር። ኪፓ ከላይ ምሰሶው ላይ ተቀምጣ ታዛለች። ጣሪያው ቀስ ብሎ ተነሳ፤ ሴቶቹ ገና ሳያልቅ ዘንቢላቸውን ይዘው ከሥሩ ገቡ። ያምር ነበር። ሄኒ ቀና ብላ አየችው፤ ያ የድሮው እሳት ደረቷ ውስጥ ነደደ። እኔ አላሰብኩትም፣ እኔ ልሠራው አልችልም ነበር አለች። እሳቱ እንደሚኖር አወቀች፤ አልካደችውም፣ ገመዱንም አልለቀቀችም።

«ሄኒ!» ስሟን በኪፓ አፍ ስትሰማ ከዚያ ቀን ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር። «ትንሽ አላዪው!»

አላላችው።

«በቃ። እሰሪው።»