የፀዳለ ጎሜ

ፀዳለ በ፲፱፻፸፯ ዓ.ም. አርባ ምንጭ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበረች። አንድ ማለዳ ጣቶቿ አብጠው አልታጠፍ አሏት። ቆይቶ ጉንጮቿ ላይ ቀይ ሽፍታ ወጣ፤ ፀሐይ በነካት ቁጥር ይብሳል። አርባ ምንጭ ተቀምጦ ፀሐይን መሸሽ ደግሞ እንዴት ተብሎ!

ክሊኒክ ሄደች፤ «ወባ ነው» አሏት። እዚያ አገር ምን ወባ ያልሆነ ነገር አለና! ክሎሮኪኑን ዋጠች፣ ጆሮዋ ጮኸ፣ ጣቶቿ ግን እንዳበጡ ቀሩ። ሌላው «ሪህ ነው» አለ። ሦስተኛው ዓይኗን አስጨፍኖ፣ «ይሰማሻል?» እያለ እጇን በመርፌ ወጋ ወጋ አደረገ። ምን እንደጠረጠረ ገባት። ሥጋ ደዌ አልነበረም፤ የመሥሪያ ቤቷ ሰዎች ግን እሷ በጠጣችበት ብርጭቆ መጠጣት ተዉ። በመጨረሻ አንድ ሐኪም ደሟን ቀድቶ አዲስ አበባ ላከው። «ስሙን ብቻ ልወቀው» ትል ነበር፣ «ስሙን ካወቅሁት እችለዋለሁ።»

ባሏ ገነነ ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ታከተው። ጨንቻ፣ እናቱ ጋ አደረሳት። አማቷ አገርነሽ ገና ከደጅ ሲያዩዋት፣ «ይኼማ ጎሜ ነው» አሉ። ጎሜ በጋሞ የተከለከለውን የጣሰ ሰው ላይ የሚመጣ መዘዝ ነው፤ መፍትሔው ሽማግሌና ጎረቤት ፊት ያጠፉትን ጮክ ብሎ መናገር።

«እማማ፣ እኔ ጌታን የተቀበልኩ ሰው ነኝ። እንዲህ ያለውን አላምንም።»

«ጌታሽ ቢያድንሽማ እኔ ምን ቸገረኝ!»

ሁለት ሳምንት እምቢ አለች። ከዚያ ጉልበቷም አበጠና ደጅ ለመውጣት እንኳ ደጋፊ አስፈለጋት። ምስኪን፣ እሺ አለች።

ሽማግሌዎቹ ሣሩ ላይ ተቀመጡ፤ ጎረቤቱም ከበበ። የአገርነሽ የእህት ልጅ አስናቀም መጥቷል፤ የቀበሌ አብዮት ጠባቂ ነው።

«ተናገሪ ልጄ» አሉ ኦይታ፣ የሽማግሌዎቹ አንጋፋ። «የደበቅሽው ምንድን ነው?»

ፀዳለ ልቧን በረበረች። አልሰረቀች፣ በባሏ ላይ አልሄደች። ከሰው የደበቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጭንቀት ክፉ ነው፣ አወጣችው።

«ቤተ ክርስቲያናችን ከታሸገ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ ወንጌላዊ ዘካሪያስ ቤት ተደብቀን እንጸልያለን።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። እነሱ የጠበቁት የድንበር ወይም የአማት ነገር ነበር። ኦይታ ግራ እየገባቸው መረቋት። አስናቀ ምርቃቱ እንኳ ሳያልቅ ተነስቶ ሄደ።

በሳምንቱ እብጠቱ ጎደለ፣ ሽፍታው ደበዘዘ። የጨንቻ ጉም ፀሐይዋን ጋርዶላት ይሁን፣ ሕመሙ ራሱ ሲያሻው የሚመጣና የሚሄድ ሆኖ ይሁን፣ ማን ያውቃል? አገርነሽ እልልታቸውን አቀለጡት።

እሑድ ገነነ መጣ። ጣቶቿን እያጠፈ እየዘረጋ ሳቀ፤ ከዚያ ፊቱ ጠቆረ። ዘካሪያስን ሐሙስ ዕለት ወስደውታል፤ የት እንዳደረሱት ሚስቱ አበቡም አታውቅም። ያን እጅ ይዞ ስንት ጊዜ የጸለየላት ሰው! ፀዳለ መዳኗን ጠላችው።

አርባ ምንጭ ስትመለስ የደሟ ውጤት ደርሶ ነበር፤ ከተመረመሩት በሽታዎች አንዱም አልተገኘም ይላል። በሦስተኛው ወር ሕመሙ መጣ፤ አሁን ፊቷና እግሯም አበጠ፣ ሽንቷ ቀላ። ገነነ እንደገና ጨንቻ አወጣት። ሽማግሌዎቹም እንደገና ተሰበሰቡ።

«ባለፈው ተናገርሽ፣ ዳንሽ» አሉ ኦይታ። «አሁን ከታመምሽ ያስቀረሽው አለ ማለት ነው።»

ነበራት። ዘካሪያስ ቤት ይጸልዩ የነበሩ ሰባት ሰዎች አሉ፤ እነሱ አምልጠው አሁንም በሌላ ቤት ይገናኛሉ። አስናቀ ጠጋ ብሎ ተቀምጧል። አንዴ መናገር እንዳዳናት አይታለች፤ ውስጧ፣ «ተናገሪና ዳኚ» ይላታል። እንደዚያን ቀን በሕይወቷ ፈርታ አታውቅም።

«የለም፣ አባባ።»

«ልጄ፣ ትሞቻለሽ እኮ።»

«ልሙት። የለም።»

ጎረቤቱ አጉረመረመ። ፀዳለ ወደ አማቷ ዞረች።

«እማማ፣ አንሱኝና ቤት ልግባ» አለች፣ «ብቻዬን መቆም አልችልም።»