የት ደረሰ

ማናልሞሽ የውኃውን ጣሳ ከሆሳዕና እጅ ነጠቀቻት።

«ምን እያደረግሽ ነው? ሐዘንተኛ ሥራ ይነካል እንዴ? ሰው ቢያይሽ የሚሰድበው እኛን ጎረቤቶችሽን ነው።»

«ተክሉን ላጠጣው ብዬ ነው።»

«እናጠጣዋለን። አንቺ ተቀመጪ።»

ሆሳዕና ተመልሳ ፍራሹ ላይ ተቀመጠች። ቴፒ ከገባች ሦስተኛ ቀኗ ነው፤ እናቷ ዓለምሸት ከሞተች ሰባተኛ። ሶፋውና ቡፌው ወጥተው ሳሎኑ ዙሪያውን ፍራሽ ተነጥፎበታል። ከቦታው ያልተነሳው ተክሉ ብቻ ነው፤ ቅጠሉ እንደ ትሪ የሰፋ፣ ዳር ዳሩ የተቀዳደደ የሚመስል ሐረግ። መስኮቱ ሥር ካለው የዘይት ቆርቆሮ ተነስቶ፣ የታሰረበትን እንጨት ጨርሶ፣ በኮርኒሱ ጥግ እስከ በሩ ሄዷል። ከየአንጓው ቡናማ የአየር ሥር ያወጣል። ግድግዳ ያገኘው ሥር ግድግዳውን ሙጥኝ ብሏል፤ ያላገኘው አየር ላይ ተንጠልጥሏል። ከሁሉም የረዘመው በበሩ አጠገብ ቁልቁል ወርዶ፣ ወለሉ ላይ አፈር ተሞልታ የተቀመጠች የወተት ጣሳ ላይ ሊደርስ ስንዝር ሲቀረው ቆሟል።

«ይሄን ግን መቁረጥ ነው» አለች ማናልሞሽ መቀስ ይዛ ወደ በሩ እየሄደች። «ትናንት ፓስተሩ በጸሎት መሀል አንገቱ ውስጥ ሲገባበት እባብ መስሎት ዘሎ ተነሳ። ‹አሜን› እንኳ ሳይል ነው የወጣው። ደግሞስ ቤት ውስጥ ጺም የሚያወጣ አበባ የት አገር አለ?»

ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። ሆሳዕናም ልትስቅ ምንም አልቀራትም።

«ዓለምሸት እንደሆነች ይሄን ጺም ከራሷ ፀጉር አብልጣ...»

«አትንኪው!»

ሳቁ ቆመ። ሆሳዕና ዘላ መነሳቷን ያወቀችው የማናልሞሽን እጅ ከያዘች በኋላ ነው። መቀሱን ተቀብላ ኪሷ ከተተች። ያኔ የሥሩን ጫፍ ቀረብ ብላ አየችው። ሥሩ እንደ ጣት ወፍሮ ሲወርድ ቆይቶ፣ መጨረሻው ላይ እንደ መጥረጊያ ተበታትኗል። አንዱ ቅርንጫፍ በሁለት፣ ከሁለቱ አንዱ ደግሞ በሦስት ተከፍሏል። ህንድ አገር ሦስት ዓመት የተማረችው ስለ ተክል ሥር ነው። እንዲህ የሚሆነው ጫፉ ሲቆረጥ እንደሆነ ታውቃለች። የተቆረጠውም አንድ ጊዜ አይደለም።

ቀና ስትል ማሚትን አየች። ማሚት፣ እናቷን እስከ መጨረሻው ያስታመመችው ጎረቤት፣ በዝንጅብልና በሚጥሚጣ የፈላ የቡና ቅጠል ልትቀዳ ማንቆርቆሪያ ይዛ ቆማ ነበር። ዐይኗን ሰበረች።

ሆሳዕና ማወቅ የምትፈልገው አንድ ነገር ነው። ከመጣች ጀምሮ የገባውን ሁሉ ጠይቃለች። እናቴ ስትሞት ጠርታኝ ነበር? ሁሉም «ሰላም ነበረች» ይላል። «እንደ ተኛች ነው የሄደችው» ይላል። ሰላም የነበረች ሴት እንዴት እንደምትሞት የሚነግራት አላገኘችም።

እሷስ ምን አደረገች? አጎቷ ተካ ህንድ፣ ፑኔ ከተማ ድረስ ደውሎ «እናትሽን ትንሽ አሟታል፤ ከተመቸሽ ነይ» ሲላት የመጨረሻ ፈተናዋ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር። እዚህ አገር ለሩቅ ሰው ስልክ ተደውሎ «ትንሽ አሟታል» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ጠፍቷት አይደለም፤ ማወቅ አልፈለገችም። ትንሽ የሚለውን ቃል ይዛ ፈተናዋን ተፈተነች። ለእናቷ ቫይታሚን ገዛች። ሚዛን ከተማ አጎቷ ቤት አድራ፣ ሊነጋጋ ሲል ነጠላ ያዘቀዘቁ አራት ሴቶች ወደተኛችበት ሲገቡ ቫይታሚኑ አሁንም ቦርሳዋ ውስጥ ነበር።

እናቷ ዕድሜዋን ሙሉ ቁንዶ በርበሬ ችግኝ ጣቢያ ሠርታለች። ሥራዋ ሐረጉን ከድጋፍ ዛፉ ጋር ማሰር ነበር። ሆሳዕና ከትምህርት ቤት ስትመለስ እየሄደች የረጠበ የእንሰት ቃጫ ታቀብላታለች። ዓለምሸት ተናጋሪ አልነበረችም፤ ጮክ የምትለው ሥሩ ለሚወጣበት ጎን ብቻ ነው። «ጀርባውን ለዛፉ ሰጥተህ በምኑ ይያዘው?» እያለች የሰው ሥራ ትፈታለች፣ አዙራ እንደገና ታስራለች።

ልጇ ህንድ በሄደች ሳምንት ይህን ሐረግ ከአንድ አንጓ ተከለች። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ሲደዋወሉ ወሬያቸው እሱ ሆነ። ቅጠሉን በእርጥብ ጨርቅ እንደምትወለውል፣ የታሰረበትን እንጨት በዛፍ ሽበት ጠቅልላ ውኃ እንደምትረጨው ትነግራታለች። ባለፈው ጥቅምት ደግሞ «አንዱን ሥር ወደ አፈር ልመራው ነው፤ ጣሳ አስቀመጥኩለት» አለቻት። ሆሳዕና ከዚያ ወዲያ በደወለች ቁጥር «የት ደረሰ?» ትላለች። «መስኮቱን አለፈ።» «የት ደረሰ?» «የበሩ እጀታ ጋ።» ከጥር በኋላ ግን መልሱ አንድ ሆነ። «እዚያው ነው።»

ነገሩ ሆሳዕናን አስገረማት። በቴፒ ሙቀትና እርጥበት እንዴት ይቆማል? መጽሐፍ አገላበጠች። «ጫፉን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልይው» አለች። «ፀሐይ ቀንሽለት» አለች። እናቷ «እሺ፣ እሺ» ትላለች። ድምጿ እየሳሳ ሲሄድ ሆሳዕና ኔትዎርኩን ረገመች።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ለቀስተኛው ሳሳ። ሆሳዕና ማሚት አጠገብ ሄዳ ተቀመጠች።

«እትዬ ማሚት፣ ማነው ሲቆርጠው የነበረው?»

«ምኑን?»

«ታውቂዋለሽ።»

ማሚት ነጠላዋን አስተካከለች። አንድ ጊዜ ወደ ማናልሞሽ አየች፤ ማናልሞሽ ግድግዳ ተደግፋ ታንኮራፋለች።

«ከጅማ ሐኪም ቤት ተመልሰን ‹ለልጅቷ እንደውል› ስላት፣ ‹ይሄ ሥር ጣሳው ጋ ሲደርስ እኔው ራሴ ነይ እላታለሁ› አለችኝ። ደስ አለኝ። ሲወርድ እኮ በዐይን ይታይ ነበር! ጥር ላይ ሦስት ጣት ቀረው። አንድ ጠዋት ገንፎ ይዤ ስገባ አጥሯል። ‹ዐይጥ በላው› አለችኝ። ጥፍሯ ውስጥ የሥሩን እርጥብ እያየሁት! ከዚያ ወዲያ ሦስት ጣት በቀረው ቁጥር ዐይጥ ይበላው ጀመር።»

«አንቺስ ዝም አልሽ?»

«ምን ልበል? ‹ትምህርቷን ጥላ ትመጣለች፣ ማሚት› ትለኛለች። ውሸቷን ነበር?»

ሆሳዕና ራሷን ጠየቀች። ትመጣ ነበር? ሁለት ቀን ለቀረው ፈተና ብላ የቆየችው እሷ አይደለችም?

«መጨረሻ ላይስ? ጠርታኛለች?»

«መጨረሻ ሳምንት መነሳት አቃታት። ሥሩ ደግሞ ማደጉን አልተወም። ፊቷ ወደ ግድግዳ ስለሆነ አይታያትም። ‹ማሚት፣ የት ደረሰ?› ትላለች። ‹እየደረሰ ነው› እላታለሁ። ጥቂት ቆይታ ደግሞ፣ ‹የት ደረሰ?› እንዲደርስ ፈልጋ ይሁን እንዳይደርስ ፈርታ፣ እኔ እንጃ ልጄ። አንድ ጊዜ ‹ፈተናዋ መቼ ነው የሚያልቀው?› አለችኝ። አላውቅም አልኳት። አላውቅም ነበራ።»

ዝናቡ አባራ። ሆሳዕና አላለቀሰችም። በልቧ እናቷን ትሳደብ ነበር፤ ስድቡ ግን ዞሮ ዞሮ ራሷ ላይ ያርፋል። ሰባት ወር ሙሉ በየሳምንቱ የት ደረሰ ብላ ጠይቃለች። አንድም ቀን አንቺስ አላለችም።

በሩ ላይ አንድ ሽማግሌ ጫማቸውን አወለቁ። ወልደጻድቅ ናቸው፤ ድሮ በችግኝ ጣቢያው የእናቷ አለቃ የነበሩ። አሁን ዐይናቸው ሞራ ለብሷል። በእጃቸው ግድግዳውን እየዳሰሱ ገቡ።

«እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ማሻ ከተማ ልጄ ጋ ሆኜ፣ ዛሬ ገና መስማቴ ነው።» ነጠላ የተከናነቡትን ሴቶች ተራ በተራ እያዩ ማንንም ሳይለዩ ቆሙ። «ያቺ ህንድ ያለችው ልጇስ? ደረሰች?»

የነቃችው ማናልሞሽ በጣቷ ልታሳያቸው እጇን አነሳች። ሆሳዕና ቀደመቻት።

«አልደረሰችም፣ አባባ።»

ሽማግሌው ከንፈራቸውን መጠጡ። ሆሳዕና ተነስታ እጃቸውን ያዘች፤ ፍራሹ ላይ ፈቀቅ ብላ ቦታ ለቀቀችላቸውና ቀስ አድርጋ አጠገቧ አስቀመጠቻቸው።