የኡበይደላ የኪስ ገንዘብ

ኮሌጁ ከመዘጋቱ በፊት የኪስ ገንዘባችን የት እንደሚገባ ለማንም ግልጽ ነበር። ሻይ በቦንቦሊኖ፣ የሞባይል ካርድ፣ ፎቶ ኮፒ፤ ለወንዶቹ ደግሞ ኳስ የሚታይበት ቤት መግቢያ። እኔ የራሴን የምጨርሰው ፀጉሬ ላይ ነበር፤ አላፍርበትም። ቤተሰብ በየወሩ "ለሳሙና" እያለ የሚልከው ገንዘብ ሳሙና አይቶ አያውቅም።

ጦርነቱ ወልድያ ላይ ከርሞ ከሄደ በኋላ፣ ኮሌጁ በግማሽ ወንበርና በሙሉ አቧራ ሲከፈት፣ ገንዘባችን ሌላ መሄጃ አገኘ። ለቅሶ መድረስ።

የክፍላችን ደንብ የቆየ ነው። አንድ ተማሪ ሐዘን ሲደርስበት ሁሉም ከኪሱ ያዋጣና ሁለት ሦስት ሰው ተወክሎ አጽናንቶ ይመጣል። ደንቡ የወጣው ግን ከክፍሉ ቢበዛ በዓመት አንድ ሰው ሐዘን በሚቀመጥበት ዘመን ነው። አሁን ሐዘን ያልገባበትን ቤት መቁጠር ይቀላል። አንዱን ቅዳሜ ሐራ፣ ሌላውን ሲሪንቃ፣ ከዚያ ወደ ላይ ወደ ደጋው። የክፍሉ ተጠሪ እኔ ስለሆንኩ ከአንዱም አልቀርም። ጥቁር ነጠላዬ ታጥባ ሳትደርቅ ትለበሳለች። "ህሊና፣ የዚህ ሳምንት የማን ነው?" ይሉኛል፣ የፈተና ፕሮግራም እንደሚጠይቁ ሁሉ።

ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል። እኔን ግን ገዶኛል። ሰው ቤት ገብቼ፣ አንገቴን ደፍቼ "እግዜር ያጽናችሁ" እያልኩ በሆዴ የማስበው የመመለሻ መኪና እንዳያመልጠኝ ነው። ክፉ ሆኜ አይደለም። ደክሞኝ ነው።

በግንቦት የኡበይደላ ተራ ደረሰ። የእሱ የሚለየው የሞተው ራሱ ተማሪው በመሆኑ ነበር። ኡበይደላ የመርሳ ገጠር ልጅ ነው። የኪስ ገንዘቡ ሲደርሰው የክፍሉን ግማሽ ሻይ ይጋብዝና የቀረውን ወር በሰው ሻይ ይኖራል፤ ብንመክረውም "እናንተ ጋ ተቀምጦልኝ የለ እንዴ?" ይለን ነበር። ኮሌጁ ሲዘጋ ከሀገሩ ልጆች ጋር ዘመተ። ከዚያ ወዲህ ወሬው ጠፍቶ ከርሞ፣ የክፍላችን ልጅ ደጀን መናኸሪያ ውስጥ ከኡበይደላ ጋር የዘመተ ልጅ አገኘ። ኡበይደላ ኅዳር ላይ ሞቷል፤ ልጁ በዓይኑ አይቷል።

ወሬው የወራት ነው። ቤተሰቡማ ከእኛ በፊት ሰምቶ አልቅሶ ጨርሷል አልን። ዘግይተንም ቢሆን መሄድ አለብን ተባለና እንደዚያ ቀን ተዋጥቶ አያውቅም፤ ሻዩን ያልጠጣ አልነበረማ። ገንዘቡን በፖስታ አድርጌ ያዝኩ። አብሮኝ የሚሄደው ደጀን ሆነ፤ የልብ ጓደኛው ነበር፣ ለኢድ በዓል አንዴ እነሱ ቤት ሰንብቶ ስለነበር መንገዱንም ያውቃል።

እስከ መርሳ በሚኒባስ፣ ከዚያ በባጃጅ፣ ከዚያ በሽንኩርት ማሳዎች መሀል በእግር ሄድን። ሙቀቱ አናት ይበሳል። ደጀን፣ ያ ለፍላፊ፣ መንገዱን ሙሉ አንድ ቃል አልተነፈሰም።  ደጁ ላይ ስንደርስ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለበስኩ፣ ፖስታውን በእጄ ያዝኩ፣ "አላህ ያጽናዎት" የሚለውን ምላሴ ላይ አዘጋጀሁ።

የኡበይደላ እናት፣ እማማ ሀጂራ፣ እጃቸው ሊጥ እንደነካ ወጡ። ደጀንን አዩት። ከዚያም እልል አሉ።

እውነቴን ነው፣ እልል አሉ።

"ደጀኔ! አንተ ነህ? አልሀምዱሊላህ! ኡበይደላ ነው የላካችሁ? እህቱ መገላገሏን ሰማ ማለት ነው!" አሉና በክንዳቸው አንገቱን አቅፈው ሳሙት። "እሰይ የኔ ልጅ! ግቡ፣ ግቡ፣ አራሷን ጠይቋት!"

እኔ እንደ ቆምኩ ቀረሁ። ፖስታውን የያዘው እጄም ተዘርግቶ ነበር። እማማ ሀጂራ ሊጡን በቀሚሳቸው ጠርገው ፖስታውን ተቀበሉኝና ወደ ውስጥ ተጣሩ። "ዓቢዳ! ዓቢዳዬ! ወንድምሽ የአራስ መጠየቂያ ልኮልሻል! ከኪሱ ቆጥቦ!"

አያውቁም። መርዶ አልተነገራቸውም። እኛ፣ ሁለት የተማርን ነን ባዮች፣ ያልተረዳች እናት ቤት ለቅሶ ልንደርስ ሰተት ብለን መጥተናል። መርዶ እንዲህ አይነገርም። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ጎረቤት ተጠርቶ፣ ማልዶ ነው የሚነገረው፤ ሴትየዋን የሚይዛት ሰው ሊኖር ይገባል። እኛ በፊታችን እንኳ ካሳበቅን እዚያው ወድቀው ይቀሩብናል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አንድ ሥራ ብቻ ነው የነበረን፤ ሳያውቁብን ከዚያ ቤት መውጣት።

ገንፎ ቀረበ። ዓቢዳ ከመጋረጃው ጀርባ ጨቅላዋን እያጠባች "ስልኩ ለምን አይሠራም? ሼሆቹ ወደ ትምህርቱ ተመልሷል አሉን፤ እኛ ግን ድምፁን አልሰማንም" አለችን። "ተሰርቆበት ነው" አልኳት። እማማ ሀጂራ ልብሴን አይተው "ምነው ልጄ፣ ጥቁር ለብሰሽ?" ሲሉኝ "ሲሪንቃ ለቅሶ ነበረብን" አልኩ። ባለፈው ሳምንት ስለነበረብን ውሸቱ ብዙም አልከበደኝም።

ደጀን ግን ይከፈት ጀመር። ኡበይደላ ወፍሯል አለ። የካፌው ሽሮ ተስማምቶታል፤ አስተማሪውን እንዲህ ብሎ አሳቀን፤ ክፍል ውስጥ አንቀላፍቶ ከወንበር ወደቀ። እናትና ልጅ ይስቃሉ። እግሩን በእግሬ ብነካው አይሰማኝም። ልቤ በንዴት ነደደ፤ በኋላ ግን ፊቱን ሳየው ንዴቴ በረደ። ውሸታም ሰው አይመስልም ነበር። ጓደኛው ለአንድ ከሰዓት በሕይወት ተመልሶለታል፤ እንዴት ይልቀቀው?

"ታዲያ እሱ ለምን አልመጣም?" አሉ እማማ ሀጂራ።

"ፈተና ደርሶበት" አለ ደጀን።

"እናንተስ አትፈተኑም?"

 ሴትዮዋ ቀልጣፋ ናቸው። ደጀን "የመኪና... የመኪና ገንዘብ ቸግሮት ነው" አለ።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። እማማ ሀጂራ ቆም ብለው ፖስታውን አዩት፣ እኛን አዩን፤ ፊታቸው ሁሉ በፍቅር ራሰ።

"ያለውን ሁሉ ለእህቱ ልኮ! ወይ ኡበይደላ! ከድሮም እንዲህ ነው እሱ፤ ያለውን በትኖ ባዶውን የሚቀር።"

ወደ ጓዳ ገብተው የተቋጠረች ጨርቅ ይዘው ወጡ። ለደጀን አልሰጡትም። የእኔን መዳፍ ከፍተው አስቀመጡባትና ጣቶቼን በጣታቸው አጠፉልኝ። "አንቺ ያዢልኝ፤ ይኼ አብሮት ያጠፋታል። የእንቁላል ገንዘብ ናት፣ ትንሽ ናት። ምሳ ይብላባት። ሰው እንዳይጋብዝባት። ለመኪናም ይያዝና ይምጣ፤ እኔ ገንዘቡን አይደለም የምፈልገው፣ እሱን ነው። በእጁ ስጪው፣ እሺ ልጄ?"

"እሺ" አልኩ። ምን ልበል?

ከግቢው ስንወጣ ደጀን ወደ ሽንኩርቱ ማሳ ዞሮ አስመለሰ። እኔ ጨርቋን ጨብጬ ቆምኩ። ከመስጊዱ ጥላ ሥር አንድ አዛውንት ተነስተው መጡብን፤ ሼህ አቡበከር ናቸው፣ የሰፈሩ ሽማግሌ። እልልታውን ሰምተው ኖሯል።

"አሰላሙ አለይኩም። የማን ናችሁ እናንተ? ምን ብላችኋት ነው እልል ያለችው?"

ሁሉንም ነገርናቸው። ከዘራቸውን መሬት ላይ ተክለው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"ሰፈሩ ከጥር ጀምሮ ያውቃል" አሉ። "ዓቢዳ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ እስክትገላገል ብለን ሀጂራን 'ትምህርቱን ይዟል' አልናት። ከተገላገለችም ሰነበተች። ከዚያ ወዲህ ዛሬ ነገ የምንለው አፋችን እምቢ ብሎን ነው። በዚህ ዓመት ስንት መርዶ ተናገርን መሰላችሁ? ምላሳችን ደረቀ።" ቀና ብለው አዩን። "ዛሬ ደግሞ ደህና ነው ብላችሁ፣ ስጦታ ጨምራችሁበት መጣችሁ። ከዚህ በላይ ማቆየት ግፍ ነው። ነገ ጎህ ሲቀድ፣ ሱብሂ ሶላት ላይ ይነገራታል።"

"እንግዲያው ይህን እርስዎ ይያዙልን፣ አባባ" ብዬ ጨርቋን ዘረጋሁላቸው። መገላገል ፈልጌ ነበር። የመጨረሻው መኪና ከመርሳ ሳይወጣ እንደርስ ይሆናል።

እጃቸውን ወደ ኋላ ሰበሰቡ። "አይሆንም። አማና ነው፣ አደራ። በእጅሽ ያስቀመጠችው ላንቺ ነው፣ የምትመልሽላትም አንቺ ነሽ።"

"አባባ፣ ሰኞ ፈተና አለን። ደግሞም ደክሞናል።"

"ያልደከመ ማን አለ ልጄ?" አሉኝ፣ ሳይቆጡ። "ውሸት ነግራችኋት ልትሄዱ? ነገ ስታለቅስ 'ትናንት እኮ ጓደኞቹ መጥተው ነበር' ብላ ከእኛ ጋር ትሟገታለች። እናንተን ካላየች አታምንም። እደሩ።"

ቤታቸው አደርን። ሴት ልጆቻቸው መደብ አነጠፉልኝ፤ እንቅልፍ ግን እምቢ አለኝ። ጨርቋን ኪሴ ውስጥ ብከታት ትከብደኛለች፣ ትራስ ሥር ባደርጋት ትጎረብጠኛለች። ሁለት ሰው ምሳ የማታበላ ገንዘብ። ኡበይደላ ቢኖር በአንድ ቀን ሻይ አድርጎ ያጠፋት ነበር ብዬ አሰብኩና ሳቄ መጣ። 

አዛኑ ሲያበቃ ወጣን። ሽማግሌዎቹ ከፊት፣ ጎረቤት ሴቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ከኋላ፣ እኔና ደጀን ከሁሉም ኋላ።  እማማ ሀጂራ ለሶላት ሊታጠቡ በረንዳው ላይ ቁጢጥ ብለው በጆግ ውሃ ክንዳቸው ላይ ያፈሳሉ። የእግራችንን ኮቴ ሲሰሙ ቀና አሉ።

በዚያ ሰዓት ሽማግሌ ተሰልፎ ሲመጣ ምን ማለት እንደሆነ በዚህ ሀገር የማያውቅ የለም። የማን እንደሆነ ግን ገና አላወቁም። ዓይናቸው ከሼህ አቡበከር ወደ ሌሎቹ ሄደ፤ ወንድሞቻቸውን፣ አማቻቸውን፣ ዘመዶቻቸውን ከሰዉ መሀል እየለቀሙ፣ ማን እንደጎደለ እየፈለጉ። ከዚያ እኔ ላይ ደረሱ። ወልድያ ገብተዋል ሲሉን ያደሩት እኛ፣ እዚያው ቆመናል።

ሼህ አቡበከር "ሀጂራ፣ የአላህ ውሳኔ..." ብለው ሲጀምሩ እማማ ሀጂራ እርጥብ እጃቸውን አንስተው አስቆሟቸው። ከእኔ ዓይናቸውን አልነቀሉም። ጆጉ ተንጋሎ ውሃው ደረጃውን ይወርዳል።

"ልጄ" አሉኝ፣ ቀስ ብለው። "አላገኘሽውም?"

ተራምጄ ከሰዎቹ መሀል ወጣሁና ጨርቋን በሁለት እጄ ያዝኩላቸው።

"አላገኘሁትም፣ እማማ" አልኳቸው።

ሼህ አቡበከር የጀመሩትን መጨረስ አላስፈለጋቸውም።