ምሳ ዕቃ ውስጥ የምትገባ ካሜራ

የልብስ ማጠቢያ ክፍሉ ሠራተኞች «ክብሪት» የሚሏት ያለ ነገር አይደለም። ስትነካ ትነዳለች። ስሙን ያወጡላት ሰዎች ግን አንድ ነገር ረስተዋል፤ ክብሪት በራሷ ተነስታ አትነድም፣ የሚጭራት ያስፈልጋል። በዚያ ሳምንት ደግሞ የጫሯት ብዙ ነበሩ።

የሰዓት ጠጋኙን በር በርግዳ ገባችና ባዶ ምሳ ዕቃዋን የባንኮኒው መስታወት ላይ ድብ አደረገችው።

«ካሜራ እፈልጋለሁ። እዚህ ውስጥ የሚገባ።»

ሽማግሌው ማጉያውን ከዓይኑ ላይ አወረደ። ሰዓት የሚያሠራ ሰው ከጠፋ ወዲህ አሮጌ የፊልም ካሜራ እየጠገነ ነው የሚሸጠው።

«ሰው ካሜራ ሲገዛ ሌንሱን ይጠይቃል፤ አንቺ ምሳ ዕቃ ይዘሽ መጣሽ። ልትበዪው ነው እንዴ?»

«አይ፣ ሰው ላስበላበት ነው።»

ሽማግሌው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ወንበር ሳትቀበል፣ እንደቆመች ነገረችው።

ክብሪትና ታናሽ እህቷ በአንድ ትልቅ ሆቴል ምድር ቤት አንሶላና ፎጣ አጥበው፣ ተኩሰው፣ አጥፈው ይውላሉ። ባለፈው ሳምንት የአንሶላ መተኮሻው ማሽን የእህቷን ቀኝ እጅ ከአንሶላው ጋር ጎትቶ አስገባው። ሦስት ጣቶቿ እዚያው ቀሩ። እንደ ደንቡ ቢሆን በሚሽከረከሩት ብረቶች ፊት የጣት መከለያ መኖር ነበረበት፤ የለም። ተቆጣጣሪው፣ የሸሚዙ አንገትጌ ሁልጊዜ ድርቅ ያለ ስለሆነ «ስታርች» የሚሉት ሰውዬ፣ ደሙ ሳይደርቅ ወሬውን አዘጋጅቶ ጠበቀ። «መከለያውን የዚያን ዕለት ጠዋት ራሷ ፈትታ አወጣችው፣ ሥራ እንዲፈጥንላት» አለ። አሁን ይህንኑ የሚል ወረቀት ቀርቦላታል። ቅዳሜ ከፈረመች ሕክምናዋን ይሸፍኑላታል፤ ካልፈረመች በጥፋቷ ትባረራለች።

ውሸቱን የሚያጋልጠው ቀለም ነው። የሆቴሉ ባለቤት ሊጎበኝ የመጣ ጊዜ፣ ከወራት በፊት፣ ማሽኑ አረንጓዴ ተቀብቶ ነበር። የመከለያው ብሎኖች የሚገቡባቸው ቀዳዳዎች ያኔም ባዶ ስለነበሩ ቀለሙ ገብቶ ደፈናቸው። በተደፈነ ቀዳዳ ውስጥ ብሎን አይኖርም፤ ያልነበረ ብሎን ደግሞ ባለፈው ሳምንት አይፈታም። ይህን ለመረዳት መማር አያስፈልግም፣ ማየት ይበቃል። ችግሩ ዓርብ ነው። ዓርብ መካኒክ መጥቶ ቀዳዳዎቹን በስቶ አዲስ መከለያ ይገጥማል፤ ከዚያ ወዲያ ክብሪት ብትጮህ ሕልም አይተሽ ነው ይሏታል። ስልክ እንደሆነ ገና በሩ ላይ ይለቀማል።

«ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፣ ልጄ» አለ ሽማግሌው።

«እንዲያድር መቼ ፈቀዱልኝ አባባ? ዓርብ እኮ ነው የሚበሱት!»

ሽማግሌው ከዚያ በኋላ ተረት አልተረተም። ቁልፉን አንስቶ ቁም ሳጥኑን ከፈተ።

የመጀመሪያው ካሜራ ከባድና ሆዳም ነበር፤ ሲጫን «ቋ!» ብሎ ጮኸ፣ ምሳ ዕቃው ውስጥም አልገባ አለ። ክብሪት መለሰችለት። ሁለተኛው አብረቅራቂ፣ ቀጭን፣ ስሙ የተጠራ ነበር። ዋጋውን ስትሰማ «በዚህማ ማሽኑን ራሱን ገዝቼ ቤቴ አልወስደውም?» አለች። ሦስተኛው ትንሽም ርካሽም ነበርና ልቧ ከጀለው፣ ግን ርቀቱ የሚሞላው በግምት ነው። «የብሎን ቀዳዳ በግምት አይነሳም» አለና ራሱ ሽማግሌው ቀማት። በመጨረሻ ከመሳቢያው ጥግ አንዷን አወጣ፤ ጥጓ የተጫረ፣ ከዳቦ ቁራሽ ብዙም የማትበልጥ።

«በመስኮቷ እዪ። መሃል ላይ ቢጫ ነጥብ አለች። ምን ታያለሽ?»

«እርስዎን። ሁለት ሆነው።»

«ቀለበቱን አዙሪ።»

አዞረች። ሁለቱ ሽማግሌዎች ተጠጋግተው አንድ ሆኑ።

«በቃ፤ አንድ ስሆን ርቀቱ ልክ ነው። የብርሃን መለኪያዋ የሞተ ነው፣ ባትሪዋ አሁን አይመረትም፤ ርካሽ የሆነችው ለዚህ ነው። ብርሃኑን እኔ እሞላልሻለሁ፣ እንዳትነኪው። ድምፅ የላትም ማለት ይቻላል። ከአንድ ሜትር ይበልጥ ብትቀርቢ ግን አጥርታ አታነሳም። ደግሞ ልብ በዪ፣ የምታዪበት መስኮት ከላይ ነው፣ ሌንሱ ከሥር። ከቅርብ ስታነሺ አንቺ ካየሽው ዝቅ ያለውን ትወስዳለች።»

ይህን እያለ የሌንሱን ክዳን ነቅሎ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ወረወረው።

«ምን አደረጉ?»

«መስኮቱ ሁሌ ብሩህ ነው፣ ክዳኑ መዘጋቱን አይነግርሽም። ይቺን ዓይነት ካሜራ ይዞ ከነክዳኑ ያላነሳ ሰው አላውቅም። አንቺ ደግሞ ተናደሻል፤ የተናደደ ሰው ክዳን አያስታውስም።»

ካሜራዋ ምሳ ዕቃው ውስጥ ገባች፤ ክዳኑም ተዘጋ።

ቤት ስትደርስ እህቷ በፋሻ የተጠቀለለ እጇን ትራስ ላይ አሳርፋ ተቀምጣ ነበር።

«እህቴ፣ ልፈርም። ደከመኝ» አለች።

ክብሪት ነደደች። «ፈርሚ! ጣትሽን ሰጥተሻቸው የለ፣ ስምሽንም ጨምሪላቸው!»

ቃሉ ከአፏ እንደወጣ መልሳ ልትውጠው ፈለገች። በቁስል ላይ እንጨት መስደድ ማለት ይኸው ነው። እህቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ክብሪት ይቅርታ መጠየቅ አልሆነላትም፣ ስላልሆነላትም ይበልጥ ተናደደች፤ በስታርች፣ በሥራ አስኪያጁ፣ በራሷ።

በንዴቷም ለነገው መዘጋጀት ጀመረች። አርጅታ ተጥላ ወደ ቤት ያመጣቻት አንዲት የሆቴሉ የእጅ ፎጣ ነበረች። ቀኑን ሙሉ የምታጥፈው ይህንኑ ነውና ልኩን እጇ ያውቃል፤ አንድ ሜትር። አንዱን ጫፍ በበሩ እጀታ ላይ አንጠለጠለች፣ ሌላውን ጫፍ በጥርሷ ያዘች፤ እጥፊያ ላይ ረዳት ሲጠፋ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚይዘው። ፎጣው እስኪወጠር ወደኋላ ሄደችና በካሜራዋ መስኮት አየች። ሁለት ሆኖ የታየው የበር እጀታ ገጥሞ አንድ እስኪሆን ቀለበቱን አዞረች፤ እዚያው ላይ በጥፍር ቀለም ምልክት አደረገች። እህቷ ከግድግዳው ዞር ብላ እያየቻት ነበር።

በማግስቱ ሰው ሁሉ ለምሳ ሲወጣ ክብሪት ምሳ ዕቃዋን ይዛ ቀረች። ማሽኑ ቀዝቅዞ ቆሟል። አጠገቧ ከተደረደሩት ፎጣዎች አንዱን ከተደፈኑት ቀዳዳዎች ሥር ባለው ዘንግ ላይ አንጠለጠለች፣ ጫፉን ነከሰች፣ ወደኋላ ሄደች። በቢጫዋ ነጥብ ውስጥ አራት አረንጓዴ ቀዳዳዎች ታዩ። ቀለበቱን ምልክቷ ላይ ስታመጣው ተገጣጥመው ሁለት ሆኑ። የእህቷን እጅ አስባ ተጫነች። ደግማ ተጫነች። ድምፁ ከምላስ ጠቅታ አይበልጥም።

በሩ ሲንቋቋ ካሜራዋን ፎጣው ውስጥ ጠቀለለቻት። ስታርች ነበር። ክብሪት የፎጣውን ጫፍ ገና አልለቀቀችም።

«ምንድን ነው የምትነክሺው?»

ፎጣውን ከጥርሷ አወጣች። «ንዴቴን።»

አንገትጌውን ነካ ነካ አድርጎ ሄደ።

ሽማግሌው ፎቶውን አጥቦ የሰጣት ቅዳሜ ጠዋት ነው። ቀዳዳዎቹ ጥርት ብለው ወጥተዋል፤ የቀለሙ እብጠት እንኳ ይቆጠራል። ግን ከሥር፣ በፎቶው ግርጌ፣ ያ ፎጣ ተጋድሞበታል።

«ይቺ የተረገመች ፎጣ! አላየኋትም እኮ!»

«ነግሬሽ ነበር፣ ዝቅ ያለውን ትወስዳለች።»

«በሉ ይቁረጡልኝ!»

«አይቆረጥም። የተቆረጠ ፎቶ ያስጠረጥራል። እንዳለ ውሰጂው፤ ፊልሙ እኔ ጋ ይቀመጥ።»

ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ውስጥ ወረቀቱና ብዕሩ ቀድመው ጠረጴዛው ላይ ተዘጋጅተዋል። እህቷ ወንበር ላይ፣ ክብሪት ከኋላዋ ቆማ፣ ስታርች በመስኮቱ በኩል። ክብሪት አልጠበቀችም፤ ፎቶውን ወረቀቱ ላይ ጣለችው።

«መከለያው ያን ዕለት ከተፈታ ቀለሙ በየት በኩል ገባ? በሉ ንገሩኝ!»

ሥራ አስኪያጁ አየው፣ ስታርችን አየው፣ እንደገና ፎቶውን አየው። መካኒኩ ትናንት የበሳው ቀዳዳ ዛሬ መልሶ አይደፈንም፤ ፎቶው ከዚያ በፊት የተነሳ ነው። ግን መውጫ አላጣም።

«ይሄ የማንም ማሽን ሊሆን ይችላል። አረንጓዴ ማሽን በየቦታው ሞልቷል።»

ክብሪት ደሟ ፈላ። ያኔ ታናሽ እህቷ ግራ እጇን ዘርግታ ጣቷን በፎቶው ግርጌ ላይ አሳረፈች። በፎጣው ጫፍ የሆቴሉ ስም ተሸምኖ ይነበባል።

«ፎጣው የእኛ ነው» አለች። «ስንቱን ሺህ አጥፌዋለሁ።»

ስታርች ፈነዳ። «ካሜራ ማስገባት ክልክል ነው! ይቺ ሴትዮ ዛሬውኑ ትባረራለች!»

«አባርረኝ! ፎቶው ግን ሰኞ ሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ ይገባል፣ አንተም ተከትለኸው ትገባለህ!»

ሥራ አስኪያጁ ድምፁን አለሰለሰ። ፎቶውን በቀስታ ወደ ጎን ገፋና ብዕሩን ወደ ታናሽየዋ አስጠጋ። «መጨቃጨቅ ለማንም አይጠቅምም፣ እህቴ። ሌላውን ቀስ ብለን እንነጋገርበታለን። ለአሁኑ እዚህች ላይ ፈርሚልኝ።»

እህቷ ብዕሩን አየችው። ከዚያ በፋሻ የተጠቀለለውን ቀኝ እጇን አንስታ ወረቀቱ መሃል ላይ አስቀመጠችው።

«እኔ የምፈርመው በቀኜ ነው» አለች። «ጣቶቼን አምጡልኝና እፈርማለሁ።»

ክብሪት ልትጨምርበት አፏን ከፈተች፤ የሚጨመር አልነበረም። ጎንበስ ብላ እህቷን ከወንበሩ አስነሳቻት።