ክኒን ያልገደለው ነቀዝ

አባቴ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ሊጠይቅ መሆኑን የነገረኝ ወንድሜ ደሴ ነው። ያውም በስልክ፣ ስለ ዝናብ ሲያወራ ቆይቶ በመሃል ጣል አድርጎት።

"ምን አጥፍቶ?" አልኩት።

"የነቀዝ ክኒኑ አልሠራም ብለው ነው እኮ። የሸጠልን ተመሳስሎ የተሠራ ነው አሉ። እሱም እሺ ብሏል።"

እሺ ብሏል የሚለውን ስሰማ ስልኩን ከግድግዳ ጋር ላላትመው ምንም አልቀረኝም። ደሴን ሳልሰናበተው ዘጋሁበትና ልብሴን ማጠፍ ጀመርኩ።

አባቴ ጥሩነህ ስማዳ ውስጥ፣ ወገዳ ከተማ ላይ የእርሻ ዕቃ ሱቅ አለው። የአትክልት ዘር፣ የሚረጭ መድኃኒት፣ መጋዝ፣ ገመድ፣ እህል ከነቀዝ የሚጠብቅ ክኒን ይሸጣል። ሰው ክኒኑን እህሉ ያለበት ጎታ ውስጥ ይከተዋል፤ ክኒኑ ጋዝ ያወጣል፤ ነቀዙ ይሞታል። ዘንድሮ ግን አልሞተም። ግንቦት ላይ ለዘር ያስቀመጠውን ስንዴ ሊያወጣ ጎታውን የከፈተ ሁሉ ያገኘው ገለባና ዱቄት ነው። የተናደደ ሰው አንቆ የሚይዘው አንገት ይፈልጋል፤ የአባቴ አንገት ደግሞ ቅርብ ነበር።

እኔ ሥራዬ ነቀዝ ነው። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የነፍሳትን ጂኖም አጠናለሁ፤ ማለትም በነቀዝ ገላ ውስጥ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈውን ጽሑፍ አነባለሁ። ዘመዶቼ "ይህን ሁሉ ዘመን ተምረሽ ነቀዝ?" እያሉ ይስቁብኛል፤ "የነቀዝ ዶክተር" የሚል ስምም አውጥተውልኛል። ይሳቁ። ጥር ላይ ከስማዳ፣ ከእስቴና ከጋይንት ጎታዎች ነቀዝ ለቅሜ ወስጄ ነበር። ከአባቴ ሱቅም ለሰው ይሸጥ ከነበረው ከዚያው ካርቶን ክኒን ይዤ ሄድኩ። ውጤቱ የደረሰኝ ደሴ ሊደውል አካባቢ ነው። አባቴ እንዳላጭበረበረ የማውቀው እንግዲህ ልጁ ስለሆንኩ ብቻ አይደለም።

ከደብረ ታቦር እስቴ መካነ ኢየሱስ፣ ከመካነ ኢየሱስ ወገዳ በዚያ አንጀት በሚበጥስ መንገድ ስንገጫገጭ የምናገረውን ሳሰናዳ መጣሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ስደርስ አባቴ ጓሮ ነበር፤ ድንጋይ እየመረጠ።

"ትንሽ ከሆነ ናቀን ይሉኛል፤ ትልቅ ከሆነ አንገቴ አይችለውም" አለኝ፣ ሰላም እንኳ ሳይለኝ።

"አባዬ፣ ክኒኑ ትክክለኛ ነው።"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ?"

"ታዲያማ እዚህ የምኖረው እኔ ነኝ፣ መቅደስ። አንቺ ሰኞ ትሄጃለሽ። ሰው ሰላምታ ከነፈገኝ ከረመ። ለቅሶ ቤት ገብቼ አጠገቤ የሚቀመጥ አጣሁ። አንድ ጊዜ ተሸክሜ ባወርደው ይሻለኛል።"

"ድንጋዩን ታወርደዋለህ። አጭበርባሪ የሚለውን ግን እስክትሞት ትሸከመዋለህ። ከዚያ ደግሞ እኔና ደሴ እንረከብሃለን።"

ሁለት ድንጋይ አነሣና ክብደታቸውን በእጁ ለካ። ይህ ሰው በልጅነቴ አንዲት ነገር ሰርቄ እንደሆን ዓይኔን አይቶ የሚያውቅ ሰው ነው፤ አሁን ላልሠራው ጥፋት ልክ የሚሆን ድንጋይ ሲፈልግ ማየት አንገበገበኝ።

"ነገ እናገራለሁ" አልኩት።

"በሽማግሎች ፊት?"

"በሽማግሎች ፊት።"

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጪ ካለው ዋርካ ሥር ሰው ተሰበሰበ። ከሽማግሎቹ መሃል የተቀመጡት አባ ወልደ ጊዮርጊስ ናቸው፤ የአባቴ የነፍስ አባት፣ ዓይናቸው ሳይደክም በፊት ዳዊት ይጽፉ የነበሩ ቄስ። አባቴ ድንጋዩን እግሩ ሥር አድርጎ ቆመ። መጀመሪያ የተናገሩት እትዬ ጌጤ ናቸው። ባላቸው ሞቶባቸው ልጆቻቸውን ብቻቸውን የሚያሳድጉ፣ ምላሳቸው እንደ እጃቸው ብርቱ የሆነ ሴት።

"የዘር ስንዴዬን ስዘግነው በጣቶቼ መሃል ፈሰሰ" አሉ። "ሰኔ ደረሰ፤ በሬ ለምኜ አገኛለሁ፣ ዘር ግን የለኝም። እሱ ድንጋይ ቢሸከም ለኔ ምን ይፈይድልኛል? ግን ይሸከም። አንድ ሰው ይሸከምልኝ!"

ሰዉ አጉረመረመ። እኔ ተነሣሁ።

"አባ ይፍቱኝ። የምናገረው አለኝ።"

"እግዚአብሔር ይፍታሽ። ተናገሪ ልጄ።"

"አባቴ የሸጠላችሁን ክኒን ወስጄ ሁለት ጠርሙስ ውስጥ ከተትኩና አሸግኩት። አንደኛው ውስጥ ክኒን አይቶ የማያውቅ ነቀዝ ነበር፤ ሁለተኛው ውስጥ ከእናንተ ጎታ የለቀምኩት። የመጀመሪያው አንድ ሳይቀር አለቀ። የእናንተው ስከፍተው እየሄደ ነበር።"

"የስማዳ ነቀዝ ነዋ!" አለ አንዱ ከኋላ፤ ሰዉ ሳቀ። እኔም ፈገግ ብዬ ነበር፣ ባልዋሽ።

"ክኒኑ አንድ ነው። የተለወጠው ነቀዙ ነው" አልኩ።

አባ ወልደ ጊዮርጊስ መቋሚያቸውን ተደገፉ። "ምነው ልጄ? እግዚአብሔር እንደየወገኑ የፈጠረው ፍጥረት በምን ይለወጣል?"

"አባ፣ አንቱ ዳዊት ሲገለብጡ አንዲት ፊደል ቢስቱ፣ ከዚያ ዳዊት የሚገለበጠው ሁሉ ያችን ስህተት ይዞ ይሄዳል አይደል?"

"ይሄዳል። ደርሶብኛል።"

"በነቀዝም ውስጥ ጽሑፍ አለ። ሲዋለድ ይገለበጣል፤ አልፎ አልፎም ፊደል ይሳሳታል። አብዛኛው ስህተት ለምንም አይረባም። ከእናንተ ነቀዝ ያገኘሁት ስህተት ግን ክኒኑ የሚገድልበትን በር ዘጋው። ስህተቱ የሌለው ሞተ፤ ያለው ተርፎ ወለደ፣ ልጆቹም ወለዱ። ጋይንት ላይ ይህን የያዘው ጥቂት ነው። እስቴ ወደ ግማሽ ደርሷል። ስማዳ ግን ሁሉም ማለት ይቻላል፣ ከእናትም ከአባትም ወርሶታል። ያ ፊደል ባለበት ዙሪያ ያለው ጽሑፋቸው አንድ ዓይነት ነው፤ የጥቂት ወላጆች ልጆች ናቸው። ማንም ከሌላ አገር አላመጣባችሁም። እዚሁ፣ በየቤታችሁ ነው የሆነው። ስለ ፈጣሪ አንድም ክፉ ቃል አልተናገርኩም፣ አባ። ሥራው ትናንት አልቆ የተቀመጠ አይደለም ነው የምለው፤ ዛሬም በጎታችሁ ውስጥ ይቀጥላል።"

"ቀጥይ" አሉ አባ።

ሳልቀጥል ግን እትዬ ጌጤ ቀደሙኝ። "እሺ፤ እነዚያ ጥቂቶቹስ ለምን ተረፉ? ክኒን ከትተን የለም እንዴ?"

ይህን ጥያቄ መንገድ ላይ ከእስቴ ጀምሮ ስጠብቀው ነበር። መልሱ እንደማይወደድም አውቅ ነበር።

"በማርያም ማኅበር ቀን የክኒኑ ብልቃጥ ይከፈታል" አልኩ። "ያለው ለሌለው ያካፍላል። አንዱን ክኒን ለሁለት ትሰብሩታላችሁ፤ በነጠላ ጫፍ ቋጥራችሁ፣ በልታችሁ ጠጥታችሁ፣ ማታ ቤት ታስገቡታላችሁ። ክኒኑ ግን ነፋስ ከነካው ጊዜ ጀምሮ ጋዙን እየለቀቀ ነው። ቤት የሚደርሰው ትርፍራፊው ነው። ያንን ደግሞ የተሰነጠቀ ጎታ ውስጥ ትከቱታላችሁ። ደካማውን ነቀዝ ይገድላል፤ ብርቱውን ያተርፋል። በየዓመቱ እንዲህ ስታደርጉ ብርቱ ብርቱውን መርጣችሁ አራባችሁት።"

ያኔ ሰዉ ገነፈለ። "መተዛዘናችን ኃጢአት ሆነ?" የሚል ጮኸ። "ተቀመጪ!" የሚል ጮኸ። የማርያምን ማኅበር ሰደበች ያለም አለ። እኔ ግን አልተቀመጥኩም።

"እህል ተካፈሉ! ዘር ተካፈሉ! ክኒን ግን አይካፈልም!" አልኩ፣ ድምፄ እስኪሰነጠቅ። "አራቢዎቹ እኛ ነን። አባቴም የማኅበሩ ሰው ነው፣ እሱም አብሯችሁ ሰብሯል። አጭበርባሪ ግን አይደለም! ይህን ስሙ፣ ከዚያ የፈለጋችሁትን በሉኝ!"

ሽማግሎቹ ራስ ለራስ ገጥመው ተንሾካሾኩ። ከቆይታ በኋላ አባ ወልደ ጊዮርጊስ ተናገሩ፤ ድምፃቸው የደከመ ነበር። "ልጅቱ ያለችው እውነት ሊሆን ይችላል። ሰዉ ግን ተቀያይሟል። ለሰላም ሲባል ጥሩነህ ይሸከም፤ እኛም ይቅር ለእግዚአብሔር እንበልና እዚህ ላይ ይብቃ።"

ሊሆን ይችላል! ደሜ ፈላ። አፌን ስከፍት አባቴ ተንቀሳቀሰ፤ ድንጋዩን ሊያነሣ መሰለኝ። እሱ ግን ድንጋዩን ተሻግሮ ከሽማግሎቹ ፊት ቆመ።

"አባ፣ ንስሐ የምገባው ለአንቱ ነው። ያጠፋሁትንም ያላጠፋሁትንም ያውቃሉ" አለ። አባ ዓይናቸውን ወደ መሬት አደረጉ። "ክኒን መስበሬ ጥፋት መሆኑን ዛሬ ሰማሁ። ለእሱ ይኸው ቆሜ ይቅርታ እላለሁ። አጭበርብረሃል ለሚለው ግን አልሸከምም። ዛሬም አልሸከም፣ ነገም አልሸከም። ሰላምታ የነፈጋችሁኝ ንፈጉኝ። ለቅሶ ቤትም ብቻዬን እቀመጣለሁ።"

አለቀስኩ። በሰው ፊት እንዳላለቅስ ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር፤ ቢሆንም አለቀስኩ፣ ከኩራት ነው።

ከዚያ እትዬ ጌጤ ተነሡ። ፊታቸው እንደ ቅድሙ አልነበረም።

"እሺ፣ አልሸከምም አለ። ልክ ነው እንበል። እኔ ግን ምን ልዝራ?"

ኮምፒውተሬ ውስጥ የነቀዙ ፊደል በሙሉ አለ፤ አንዲት የስንዴ ቅንጣት ግን የለም። አፈርኩ።

"ከኔ ቤት ትወስጃለሽ" አለ አባቴ። "አየር በማያስገባ በርሜል ያሸግኩት የዘር ስንዴ አለኝ። ካሳ ግን አይደለም፣ ጌጤ። ካሳ ነው ካልሽ አልሰጥሽም።"

"ካሳ ብትለኝ አልነካውም። አልለምንህምም።"

"ማን ለምኚ አለሽ?"

በዚሁ ተበተንን። እርቅ አልተባለ፣ ጉልበት አልተሳመ። ሰኞ ትሄጃለሽ ያለኝን አባቴን ላሳፍረው ብዬ እኔም አልሄድኩም። ስንዴው በጆንያ ተሞልቶ ሱቁ ጥግ ቆመ። እትዬ ጌጤ ግን ሳይመጡ ቀናት አለፉ። አባቴ በር በሩን ያያል፤ ሲጠይቁት ደመናውን ነው የማየው ይላል። ባይወስዱት ሰዉ ምን እንደሚል ሁለታችንም እናውቅ ነበር፤ የሌባ ስንዴ አልፈልግም አለች ነው የሚባለው።

የመጡት በገበያ ቀን ነው። ያውም ገበያው ጢም ባለበት ሰዓት። ገመድ ይዘው ቀጥ ብለው ገቡና ጆንያውን አሰሩት።

"ደሴ በጓሮ በኩል በአህያ ያድርስልሽ፤ መንገዱ ሰው ሞልቶታል" አለ አባቴ።

"ምን ሰርቄ ነው በጓሮ የምሄደው?" አሉና ጆንያውን በጀርባቸው አዘሉት።

ወጡ። ቅቤ ተራውን አልፈው፣ እህል ተራውን በመሃል ሰንጥቀው ሄዱ፤ ሰዉ እየዞረ ያያቸዋል። አንዱ እህል ሻጭ "እትዬ ጌጤ፣ ይኼ ስንዴ ከየት ነው?" አላቸው።

"ከጥሩነህ ቤት!"

"ካሰሽ እንዴ?"

እትዬ ጌጤ ከነሸክማቸው ቆሙ። "ካሳ የሚክሰው ያጠፋ ነው። ጥሩነህ ምን አጠፋና ነው የሚክሰኝ? ዘር ነው፤ ልዘራው ነው፤ ዞር በል ከመንገዴ!"

ጩኸታቸው ሱቃችን ድረስ ተሰማ፤ አባቴም በሩ ላይ ቆሞ ሰማ።