ከደጃፍ የተቀዳ ድምፅ

መሪጌታ ወልደ ሰንበት በሞቱ በሠላሳኛው ቀን፣ ልጃቸው መምህር ገላው ከብቸና በጭነት መኪና ተሳፍሮ ሞጣ ገባ። በቀጥታ ያመራው ራዲዮና ቴፕ ወደሚሸጠው ወደ ይማም ሱቅ ነው።

“ጋሽ ይማም፣ የቤት ቴፔ ድምፁ አልሰማ ብሎኝ ማጉያ ፈልጌ ነው።”

ይማም ከመደርደሪያው ሁለት አወረደ። ትንሹ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ነው፤ ትልቁ የመኪና ባትሪ ይፈልጋል።

“ለማን ሊያሰሙት ነው?”

“ለእናቴ። ጆሮዋ ደክሟል።”

“ትንሹ ለንግግር ጥሩ ነው። ትልቁ ጉልበታም ነው፤ ግን ያልፈለጉትንም ጎትቶ ያመጣል። የካሴቱን ክር አምጡትና በሁለቱም እንሞክረው።”

“የአባቴን ድምፅ ገበያ መሐል አላስጮህም!”

“እንግዲያ መምህር፣ ጫማ ሳይለኩ መግዛት ሆነብዎ።”

ገላው ሁለቱን ማጉያዎች እያገላበጠ አየ። አባቱ ታመው ሳሉ ቅኔያቸውን ለመቅዳት ሲነሣ፣ ከመሪጌታ አፍ ሥር ዕቃ መደቀን ነውር መስሎት መቅጃውን ደጃፉ ላይ አኖረው። እንዳይሳቀቁም ብሎ ራሱ ወደ ትምህርት ቤት ሄደ። ከቅኔው አንድ ቃል አይለይም። ጆሮውን ለጥፎ ሲያዳምጥ ግን መጨረሻው ላይ የእናቱን ስም የሰማ መሰለው። ይህንኑ ቢነግራቸው እናቱ ወይዘሮ ይርገዱ፣ “ምን አሉኝ? ተዝካራቸው ሳይወጣ አሰማኝ” እያሉ እህል አልቀምስ ብለዋል።

ትልቁን ገዛ።

በማግስቱ ብቸና ተመልሶ፣ እናቱ አጠገብ ሽቦውን ከመኪና ባትሪ ጋር አያይዞ ቴፑን ከፈተው። መጀመሪያ የመጣው ቆርቆሮ የሚደበድብ ዝናብ ነው፤ ቀጥሎ የጎረቤት ውሻ። ቅኔው ከወንዝ ማዶ እንደሚሰማ ጩኸት ተውጦ ቀረ። ገላው ሊዘጋው እጁን ሲሰድ፣ መሪጌታ ፊታቸውን ወደ ደጃፉ ያዞሩ ይመስል ድምፃቸው ቀረበ።

“ይርገዱ!”

እናቱ ደነገጡ።

“ይርገዱ፣ ውኃ።”

ሳል ተከተለ። ከዚያ ዝናቡ፣ ከዚያ ደግሞ የደከመ ድምፅ፣ “ኧረ ይርገዱ…”

ሌላ ነገር አልነበረም። መልስም አልነበረም።

“ያን ዕለት የት ነበርሁ?” አሉ እናቱ።

“ስወጣ ጓዳ ነበርሽ፣ እማ።”

“አንተስ?”

ገላው ድምፁን ሊቀንስ ሲል እናቱ እጁን ያዙት።

“መልሰው።”

ክሩን አጠንጥኖ መለሰው። ዝናቡ ቤቱን ሞላው። ድምፁ “ይርገዱ!” ሲል፣ ወይዘሮ ይርገዱ ነጠላቸውን አስተካክለው፣

“አቤት፣ መጣሁ” አሉና ምርኩዛቸውን አንሥተው ውኃ ሊቀዱ ወደ ጓዳ ገቡ።