በጨው የመጣው ዲስክ

«ያጥናሽ» አላት ጓድ ካሣ፣ ድንኳኑ ውስጥ ጎንበስ ብሎ። ካድሬ አይደል፣ እግዚአብሔርን አስቀርቶ ነው ያጥናሽ የሚለው። ዘርፉ ለሰው ዐይን ስትል አንገቷን ሰበር አደረገች እንጂ ቀና ብላ አላየችውም። ደፋር! ባሏን መርዳሳን ለሞት ዳርጎ፣ በሠልስቱ ካኪውን አስተኩሶ ለቅሶ ሊደርስ መጣ።

ከጀርባዋ ሴቶቹ ይንሾካሾካሉ።

«ኮንትሮባንድ ይነግድ ነበር አሉ።»

«ውይ፣ እኔስ ጨዋ ይመስለኝ ነበር።»

ዘርፉ እስካሁን ድምፅ አውጥታ ያላለቀሰችው ለዚህ ነው። ሌባ ለተባለ ሰው እንዴት ብላ ትጩህ? ስሙ ሳይመለስ እንባው አልወጣ አላት።

መርዳሳ ከመንግሥት መጋዘን ቢሮ በቀር የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ቢሮው በዕርዳታ የመጣ አሮጌ ኮምፒዩተር ነበረው፤ የሠራተኛው ደመወዝ የሚሠራው በሱ ነው። አንድ ቀን ሃርድ ዲስኩ ተንቋቋና ቀጥ አለ። ሥራ አስኪያጁ ካሣ አሻጥር ተሠራ እንዳይባልበት ፈራ። በመንግሥት ግዢ ይምጣ ቢባል ዓመት ይፈጃል። ስለዚህ እዚሁ ቤት መጥቶ፣ የዘርፉን ሽሮ እየበላ፣ «ድሬዳዋ በኮንትሮባንድ የገባ አይጠፋም። ሂድና ገዝተህ አምጣ። ወረቀት ግን አልጽፍልህም» አለው።

መርዳሳ ሄደ። አለቃን እንቢ ማለት መቼ ያውቅና! ሲመለስ ጠቋሚ ቀድሞት ኖሮ አዋሽ ላይ ኮንትሮባንድ የሚይዙት ፊናንሶች ከባቡር አወረዱት። ዕቃው ባይገኝበትም አሠሩት። ማን ላከህ ሲሉት ካሣን ጠራ። ካሣ በስልክ ተጠየቀና «የላክነው ሰው የለም» ብሎ ዘጋ። መርዳሳ እዚያው እስር ቤት ወባ ጣለው፤ ሬሳው እዚህ ናዝሬት፣ ቤቱ ገባ።

አሁን ካሣ ድንኳኑ ውስጥ ገና አረፍ ከማለቱ አንዲት እንግዳ ሴት ትንሽ ጆንያ አዝላ ገባች።

«የመርዳሳ ሚስት አንቺ ነሽ? ቶይባ እባላለሁ፣ ባቡር ላይ ጨው ነጋዴ ነኝ። እህቴ፣ ፊናንሶቹ ሲመጡ ይቺን ደብቂልኝ ብሎኝ ነበር። ጨው ውስጥ ቀበርኳት። ሰፈሩን አፈላልጌ ስመጣ ነው መሞቱን የሰማሁት። አደራ አልበላም።»

ከጨው ውስጥ ጡብ የሚያህል ጥቁር ብረት አውጥታ ምንጣፉ ላይ አኖረችው። ሹክሹክታው ቆመ።

ካሣ ተንፏቆ ዘርፉ አጠገብ ደረሰ። «እባክሽ ልውሰደው። ነገ ከአዲስ አበባ ተቆጣጣሪዎች ይመጣሉ፤ ኮምፒዩተሩን ቆሞ ካገኙት አለቀልኝ።»

«ማን ልኮት ነው የገዛው?»

«ኧረ ቀስ በይ!»

«ጮክ ብለው ለሰው ይንገሩና ይውሰዱት።»

ካሣ ዙሪያውን ቃኘ፤ ብረቱን አየ። ከዚያ ብድግ አለ።

«እኔ ነኝ የላክሁት» አለ። «መርዳሳ ሌባ አይደለም።»

ለሰው ነፍስ የተነፈገች ቃል ለብረት ሲሆን ወጣች። ያኔ በስልክ ብትባል ኖሮ መርዳሳ ዛሬ ቤቱ ነበር።

ዘርፉ ዲስኩን በእጇ ገፋ አደረገችለት። ካሣ ሲያነሣው ከስንጥቆቹ ጨው ረገፈ። ነቀነቀው፤ አሁንም ጨው። ዲስኩን ጨው በልቶታል፤ ፊቱ ዐመድ መሰለ።

እሷ አላየችውም። ተነሣች፤ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ወገቧ ላይ ጠበቅ አድርጋ አሠረች። ሴቶቹ ድምፅ አውጥታ ልታለቅስለት መሆኑን አውቀው ቦታ ለቀቁላት።